በቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች፦ ለሰብል፣ ለተባይና ለከብት ያላቸው ትርጉም

የስንዴ ዋግ፣ የገብስና የማሽላ አረማሞ፣ የቡና ቅጠል ዝገትና ሌሎችም በፈንገስ የሚመጡ በሽታዎች በየዓመቱ በምርት ላይ ጉዳት የሚያደርሱ በመሆናቸው፣ በአርሶ አደሩ ዘንድ ፈንገስ የሚታወቀው በጠላትነቱ ነው። ይሁን እንጂ በቅጠልና በአገዳ ውስጥ ከሚኖሩት ፈንገሶች መካከል ብዙዎቹ በሽታ አያስከትሉም። ቅጠሉን አያቢጫጩም፣ ነጠብጣብ አያወጡም፣ እድገቱንም አይገቱም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ተክሉን ከሚበሉት ነፍሳት ይከላከሉለታል።

ይህ መከላከያ ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ነፍሳትን የሚያርቀው ንጥረ ነገር አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ሣር የሚግጠውን ከብት፣ እህሉን የሚመገበውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም ለአርሶ አደሩ፣ ለከብት አርቢውና ለዘር አስመጪው ዋናው ጥያቄ «ፈንገስ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የትኛው ፈንገስ ነው? የሚያመርተው ምንድን ነው? ተክሉስ ለማን ነው የሚቀርበው?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የነዚህን ፈንገሶች ምንነትና አሠራር፣ በሌሎች አገሮች የተገኘውን ልምድ፣ እንዲሁም ተገልጋዮች ሊወስዷቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን ያብራራል።

ኢንዶፋይት ማለት ምን ማለት ነው?

ለተክሉ የሚታይ የበሽታ ምልክት ሳያስከትሉ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕያዋን በሳይንሱ ኢንዶፋይት ይባላሉ። ቃሉ የግሪክኛ ሥር ያለው ሲሆን «በተክል ውስጥ» የሚለውን ሐሳብ ይይዛል። ስያሜው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1866 ጥቅም ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች፣ ከሣር እስከ ትላልቅ ዛፎች ድረስ ኢንዶፋይት ፈንገስ ያልተገኘበት የተክል ወገን የለም ለማለት ይቻላል።

በቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ወደ ተክሉ በሚገቡበት መንገድ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በዘር የሚወረሱ ናቸው። እነዚህ በዋነኛነት በሣር ዝርያዎች ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ በጣም የሚታወቀው ወገን ኤፒክሎዬ ይባላል። ፈንገሱ በክር መሰል አካሉ በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል ይዘረጋል፤ ሕዋሱን ግን ሰብሮ አይገባም። ቅጠሉ ሲያድግ አብሮ ያድጋል፤ ሣሩ ሲያፈራ ወደ ፍሬው ይገባል፤ ዘሩ ሲበቅልም በአዲሱ ቡቃያ ውስጥ ኑሮውን ይቀጥላል። በመሆኑም ፈንገሱ ከእናት ተክል ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሁለተኛዎቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በንፋስና በዝናብ ጠብታ የሚጓዙ ስፖሮች በቅጠሉ ላይ ያርፋሉ፤ በቅተውም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። በአንድ የዛፍ ቅጠል ውስጥ በርካታ የፈንገስ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ቦታ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ለጋ ቅጠል ጥቂት ፈንገስ ሲኖረው፣ የቆየ ቅጠል ግን ብዙ ይኖረዋል።

ሁለቱም ዓይነቶች በዓይን አይታዩም። የሣር ኢንዶፋይት መኖሩን ለማረጋገጥ ከአገዳው አቃፊ ቅጠል ላይ ስስ ልጣጭ ተወስዶ፣ በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ መታየት ወይም በሌላ የላቦራቶሪ ዘዴ መመርመር ይኖርበታል።

እንክርዳድ፦ በቅርብ የሚታወቅ ምሳሌ

ኢንዶፋይት ከኢትዮጵያ አርሶ አደር ማሳ የራቀ ጉዳይ አይደለም። በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው እንክርዳድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንክርዳድ እስኪያሸት ድረስ ከስንዴ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ለአራሚ ያስቸግራል። ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ማዞር፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ የምላስ መተሳሰርና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ሎሊየም ቴሙሌንቱም ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል በላቲን «የሰከረ» ማለት ነው። ይህም ጠባዩ በሌሎች አገሮችም ሲታወቅ መኖሩን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1898 የአውሮፓ ተመራማሪዎች የእንክርዳድን ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ ከፍሬው ልባስ ሥር የፈንገስ ክሮች ተደርድረው አገኙ። ፍሬው ከውጭ ሲታይ ጤናማ ነበር። ይህ ፈንገስ ዛሬ የኤፒክሎዬ ወገን መሆኑ ይታወቃል። በእንክርዳድ ውስጥ የሚገኘውና ስሙን ከዚሁ ሣር ወገን የወሰደው ሎሊን የተባለ ንጥረ ነገር የሚመረተው በፈንገሱ ሲሆን፣ ብዙ ዓይነት ነፍሳትን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ኤርጎት ከተባለው ሌላ ፈንገስ ጋር ያለውን ዝምድናና ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል። ኤርጎት በእህልና በሣር ዛላ ላይ በፍሬው ቦታ የሚበቅል፣ ጠቆር ያለ ቀንድ መሰል አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ ከገብስ ጋር በተቀላቀለ ሲናር ላይ የነበረ ኤርጎት የብዙ ሰዎችን እጅና እግር ለመበስበስ የዳረገ፣ ሕይወትም የቀጠፈ መመረዝ አስከትሏል። ኤርጎትና ኤፒክሎዬ የአንድ ቤተሰብ ፈንገሶች በመሆናቸው፣ አንዳንድ የኤፒክሎዬ ዝርያዎች ከኤርጎት መርዝ ጋር የሚዛመዱ ንጥረ ነገሮችን ያመርታሉ። ልዩነታቸው ኤርጎት በዓይን ታይቶ ሊለቀም የሚችል ሲሆን፣ ኤፒክሎዬ ግን በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር መሆኑ ነው።

ፈንገሱ ተክሉን ከተባይ የሚከላከለው እንዴት ነው?

ሣር ከቦታው ተነሥቶ ከአጥቂው ሊሸሽ አይችልም። በውስጡ የሚኖረው ፈንገስም የሚመገበው ከሣሩ በመሆኑ፣ የሣሩ መበላት የፈንገሱም መጥፊያ ነው። ይህ የጋራ ጥቅም አብሮ ለመኖራቸው መሠረት ሆኗል። ተክሉ ለፈንገሱ ምግብና መጠለያ፣ በዘር በኩልም መተላለፊያ ይሰጠዋል። ፈንገሱ በበኩሉ አልካሎይድ የሚባሉ፣ ናይትሮጅን ያለባቸው ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። ከነዚህ መካከል አራቱ በተለይ ይታወቃሉ።

ፔራሚን፦ ነፍሳት ቅጠሉን ቀምሰው እንዲተዉት የሚያደርግ ሲሆን፣ በከብት ላይ ጉዳት ሲያስከትል አልታየም።

ሎሊን፦ ክሽክሽን ጨምሮ ለብዙ ዓይነት ነፍሳት መርዛማ ነው።

ኤርጎቫሊን፦ ከኤርጎት መርዝ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ነፍሳትን ቢያርቅም የከብትን የደም ሥሮች ያጠብባል።

ሎሊትሬም ቢ፦ የነርቭና የጡንቻ ሥራን በማወክ ከብትን ያንቀጠቅጣል።

አንድ ፈንገስ አራቱንም ሁልጊዜ አያመርትም። የትኛውን እንደሚያመርት የሚወሰነው በፈንገሱ ዝርያ ነው። የመጠኑ ከፍና ዝቅ ማለት ደግሞ በተክሉ ዝርያ፣ በወቅቱ፣ በሙቀቱና በአፈሩ ለምነት ይወሰናል። ለምሳሌ በናይትሮጅን ማዳበሪያ የበለጸገ መስክ ላይ የኤርጎቫሊን መጠን ሊጨምር ይችላል። መርዙ በሣሩ አካል ላይ የሚከፋፈለውም እኩል አይደለም፤ ኤርጎቫሊንና ሎሊትሬም ቢ በአብዛኛው የሚከማቹት በሣሩ ግርጌ፣ አገዳውን አቅፎ በሚይዘው የቅጠል ክፍልና በዛላው ላይ ነው። ስለዚህ መስኩ እስከ ግርጌው ሲጋጥ ወይም ሣሩ ሲያፈራ ከብቶች የሚወስዱት መርዝ ይበዛል።

የአሜሪካ ልምድ፦ የተወደደውና ያሳመመው ሣር

እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት አንድ ፕሮፌሰር በአንድ ተዳፋት እርሻ ላይ ክረምትና በጋ ለምለም ሆኖ የሚቆይ ፌስኩ የተባለ ሣር ተመለከቱ። ዘሩ ተሰብስቦ ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 «ኬንታኪ 31» በሚል ስም ለአርሶ አደሮች ተሠራጨ። ሣሩ ድርቅን፣ ተባይንና ከባድ ግጦሽን የሚቋቋም፣ አፈርንም ከመሸርሸር የሚጠብቅ በመሆኑ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር መሬት ላይ ተዘራ።

ነገር ግን ሣሩን የሚግጡ ከብቶች እንደ መስኩ ልምላሜ አልወፈሩም። በሙቀት ወቅት ጥላና ውኃ ውስጥ ቆመው ይውሉ ጀመር። ፀጉራቸው ሻከረ፤ ወተታቸው ቀነሰ። በቅዝቃዜ ወቅት ደግሞ ደም በበቂ ሁኔታ ስለማይደርስ የአንዳንዶቹ የጆሮና የጅራት ጫፍ፣ አልፎም ሰኮናቸው ተጎዳ። እርጉዝ ባዝራዎች ጊዜያቸው አልፎ ይወልዱ፣ ከወለዱም በኋላ ወተት ያጡ ነበር። ሣሩ ሲመረመር የሚታይ ሕመም ስላልነበረበት መንስኤው ለረጅም ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ቻርለስ ቤከንና ባልደረቦቻቸው በጆርጂያ ግዛት ከብቶች የታመሙበትን መስክ ጤናማ ከሆኑበት መስክ ጋር በማነጻጸር፣ የታመሙት የሚግጡት ሣር በውስጡ ኢንዶፋይት ፈንገስ የያዘ መሆኑን አሳዩ። የሚሊዮኖች ሄክታር ምስጢር በቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ኖሯል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል መስሎ ታየ። ፈንገሱ የሌለበት ዘር ተዘጋጅቶ ለገበያ ቀረበ። ከብቶቹም ተሻላቸው። ሣሩ ግን ደከመ። በተለይ ሞቃትና ደረቅ በሆኑ አካባቢዎች ድርቁን፣ ነፍሳቱንና ግጦሹን መቋቋም አቅቶት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመስኩ ጠፋ። አርሶ አደሮቹ የኬንታኪ 31 ጥንካሬ ከሣሩ ብቻ የመነጨ ሳይሆን ፈንገሱም የነበረበት መሆኑን የተረዱት በዚህ ጊዜ ነው።

የኒውዚላንድ ልምድ፦ አንዱ ፈንገስ፣ ሁለት ገጽታ

በኒውዚላንድ የግጦሽ መስኮች በስፋት የሚዘራው ራይግራስ የተባለው ሣር ከእንክርዳድ ጋር የአንድ ወገን ዝርያ ነው። በዚህ መስክ የሚሰማሩ በጎች በበጋው ማብቂያና በበልግ ይንቀጠቀጡ፣ ሲደነግጡም ይወድቁ ነበር። ከመስኩ ሲወጡ በአብዛኛው ይድናሉ፤ ነገር ግን ውኃ ውስጥ ወይም ገደል ላይ ወድቀው የሚሞቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ተመራማሪዎች ይህ ሕመም በሣሩ ውስጥ ከሚኖረው ፈንገስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጡ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1982፣ ሌላ የምርምር ቡድን የፈንገሱን ሁለተኛ ገጽታ አሳየ። ከደቡብ አሜሪካ የገባና እጩ የሣሩን አገዳ እየሰረሰረ የሚያደርቅ አንድ ጥንዚዛ፣ ፈንገሱ ያለበትን ሣር ትቶ የሌለበትን ያጠቃ ነበር። ስለሆነም ፈንገሱን ማስወገድ በጉን ቢያድንም መስኩን ለጥንዚዛው አሳልፎ የሚሰጥ ሆነ።

ከዚህ አጣብቂኝ የወጡት ፈንገሱን በማጥፋት ሳይሆን በመምረጥ ነው። ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች ከተሰበሰቡ ሣሮች ውስጥ ጥንዚዛውን የሚያርቀውን ፔራሚን የሚያመርቱ፣ ከብትን የሚጎዱትን ሎሊትሬም ቢን እና ኤርጎቫሊንን ግን የማያመርቱ ፈንገሶችን ፈለጉ። ተፈላጊው ፈንገስ ሲገኝም ፈንገስ በሌለበት የሣር ቡቃያ ውስጥ አስገብተው ዘሩን አራቡ። «ኤአር1» የተባለው እንዲህ ያለ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2001 ለኒውዚላንድ አርሶ አደሮች ቀረበ። በ2007 የተከተለው «ኤአር37» ብዙ ዓይነት ተባይ የሚከላከል ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ በበጎች ላይ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ለፌስኩ ሣርም ኤርጎቫሊን የማያመርት ፈንገስ በተመሳሳይ መንገድ ተመርጦ በአሜሪካ ጥቅም ላይ ውሏል።

በዛፍ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች

የዛፍ ቅጠል ፈንገሶች አሠራር ከሣሩ ይለያል። በዘር የማይወረሱ በመሆናቸው እያንዳንዱ ቅጠል የራሱን ስብስብ ከአካባቢው ያገኛል። በፓናማ በካካዎ ዛፍ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ኢንዶፋይት እንዲገባባቸው የተደረጉ ቅጠሎች ካልገባባቸው ይልቅ ፋይቶፍቶራ በተባለው በሽታ አምጪ ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ቦታው በሌሎች ነዋሪዎች ከተያዘ በሽታ አምጪው በቀላሉ መስፋፋት አይችልም።

ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችም ለዚህ ሌላ ማስረጃ ናቸው። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ጉንዳኖች ቅጠል እየቆረጡ ወደ ጎጇቸው የሚወስዱት በቀጥታ ሊበሉት ሳይሆን፣ የሚመገቡትን ፈንገስ ሊያሳድጉበት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ባዕድ ፈንገስ እርሻቸውን ሊበክል ስለሚችል፣ ጉንዳኖቹ ብዙ ኢንዶፋይት ካለበት ቅጠል ይልቅ ጥቂት ያለበትን ይመርጣሉ። ብዙ ያለበትን ሲያገኙም ለማጽዳት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ተባይ ገዳይ ፈንገስን በሰብል ውስጥ ማኖር

ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ፈንገስ ነፍሳትን በማጥቃት ይታወቃል። ስያሜውን ያገኘው ይህ ፈንገስ የሐር ትልን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1835 ካሳዩት ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ነው። ፈንገሱ በነፍሳቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገደለም በኋላ በነጭ ሻጋታ ይሸፍነዋል። በመሆኑም በብዙ አገሮች ለሥነ ሕይወታዊ ተባይ መከላከያነት ያገለግላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ቦቬሪያ በበቆሎ ቅጠል ላይ ሲደረግ ወደ ተክሉ ውስጥ ገብቶ በአገዳው እንደሚዘረጋና የአገዳ ቆርቁር እጭ የሚፈጥረውን ቀዳዳ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም ፈንገሱን በቡና ችግኝ ውስጥ ማኖር እንደሚቻል ታይቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። የአገዳ ቆርቁር እጭ በበቆሎና በማሽላ አገዳ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ከውጭ የሚረጭ ፀረ ተባይ በቀላሉ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም በበቆሎው ሙሽራ ውስጥ ይደበቃል። ተባዩ ባለበት፣ በተክሉ ውስጥ የሚገኝ መከላከያ ቢኖር ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ሆኖም ቦቬሪያ እንደ ኤፒክሎዬ በዘር በአስተማማኝ ሁኔታ የሚወረስ አይደለም። በተክሉ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜና የሚዘረጋበት መጠን እንደ ሰብሉ ዝርያ፣ እንደ አፈሩና እንደ አገባቡ ይለያያል። በቅጠል ላይ ሲረጭ ኃይለኛ ፀሐይና ድርቀት ያዳክሙታል። የፈንገስ መከላከያ ኬሚካል በተመሳሳይ ማሳ ላይ ከተረጨም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከአሰሳ፣ ከማሳ ንጽሕናና ከሌሎች የተቀናጀ ተባይ መከላከያ ዘዴዎች ጋር የሚታይ እንጂ ብቻውን መፍትሔ ሆኖ የሚወሰድ አይደለም።

ጥቅሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም

ስለ ኢንዶፋይት የሚታወቀው አብዛኛው እውቀት የተገኘው ከፌስኩና ከራይግራስ ነው። በተፈጥሮ በሚበቅሉ ሌሎች ሣሮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ፈንገሱ ከተባይ የማይከላከልበት፣ አንዳንዴም ተክሉ ፈንገሱን ለመመገብ የሚያወጣው ከሚያገኘው ጥቅም የሚበልጥበት ሁኔታ ታይቷል። በድሃ አፈር ላይ ያለ ተክል በተለይ ናይትሮጅን ስለሚያጥረው፣ የፈንገሱም አልካሎይድ የማምረት አቅም ሊወሰን ይችላል።

ውጤቱም ቅጠሉን በሚበላው ነፍሳት ላይ ብቻ አይቆምም። ፈንገስ ያለበት ሣር የክሽክሽን ቁጥር ሲለውጥ፣ በክሽክሽ ላይ ጥገኛ ሆነው የሚኖሩት ተርቦችም ይነካሉ። በአርጀንቲና ሣሮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ተባይን የሚቀንሰው መንገድ የተባዩን የተፈጥሮ ጠላትም ሊያዳክም ስለሚችል፣ ማንኛውም አዲስ ዘዴ ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት በአካባቢው ሁኔታ መፈተሽ ይኖርበታል።

ተገልጋዮች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

እህል ለሚያመርቱና ለቤት ለሚያዘጋጁ፦ እንክርዳድ በአብዛኛው ከዓመት ዓመት የሚዘልቀው ከእህል ዘር ጋር ተቀላቅሎ እየተዘራ ነው። ስለዚህ ለዘር የሚቀመጠው እህል በሰፌድ ተበጥሮ፣ በወንፊት ተነፍቶና ተለቅሞ ሊጸዳ ይገባል። የእንክርዳድ ፍሬ ከጤፍ ስለሚተልቅ በወንፊት ይለያል፤ ከስንዴ ጋር ግን በመጠን ስለሚቀራረብ በእጅ መልቀምን ይጠይቃል። በማሳ ላይም ፍሬው ሳይረግፍ መነቀል አለበት። ፈንገሱ በፍሬው ውስጥ ስለሚኖር እህሉን በማጠብ አይወገድም። የተለቀመው እንክርዳድም ለምግብ፣ ለመጠጥም ሆነ ለእንስሳት መኖ መዋል የለበትም። በእህሉ ውስጥ ጠቆር ያለ ቀንድ መሰል አካል ከታየ እህሉን ከመጠቀም መቆጠብና ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።

የምግብ መመረዝ ምልክት ሲታይ፦ ምግብ ከተመገቡ በኋላ ማዞር፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝና ማቃጠል በአንድ ቤተሰብ ወይም መንደር ውስጥ በተለያዩ ሰዎች ላይ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድና የተበላውን እህል ወይም ዱቄት ናሙና ይዞ መቅረብ ይገባል።

መኖ ለሚያለሙና ከብት ለሚያረቡ፦ የራይግራስ ወይም የፌስኩ ዘር ሲገዛ ኢንዶፋይት ያለው መሆን አለመሆኑን፣ ካለውም ለግጦሽ የተመረጠ ፈንገስ መሆኑን ከአቅራቢው በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። በውጭ አገር ለግቢ ማስዋቢያና ለስፖርት ሜዳ የሚሸጥ የሣር ዘር ተባይ እንዲቋቋም ሆን ተብሎ ኢንዶፋይት ያለበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሣር ለግቢ ቢስማማም ለከብት መኖነት አይሆንም፤ ከግቢ የታጨደውንም ለላም መስጠት አደጋ አለው። መስኩን እስከ ግርጌው አለማስጋጥ፣ ሣሩ ዛላ ሳያወጣ ማጨድና መኖን ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ማደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያነክስ ከብት ሲታይ ከመስኩ ማውጣት፣ ከውኃና ከገደል ማራቅ፣ በአቅራቢያው ላለ የእንስሳት ጤና ባለሙያም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ዘር ለሚያከማቹ፦ ጠቃሚ ፈንገስ እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ የሣር ዘር በሙቀትና በእርጥበት ከቆየ፣ ዘሩ የመብቀል ችሎታውን ሳያጣ ፈንገሱ ብቻ ሊሞት ይችላል። ዘሩ ይበቅላል፤ የተከፈለበት መከላከያ ግን አብሮት አይኖርም። ስለዚህ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ ማስቀመጥና በወቅቱ መዝራት ይመከራል።

ዘር ወይም ችግኝ ከውጭ ለሚያስገቡ፦ ከውጭ አገር የሚመለሱ ዜጎች፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና አስመጪዎች ዘር ወይም የተክል አካል ከማምጣታቸው በፊት የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ሊኖራቸው ይገባል። በሻንጣ የሚመጣ ጥቂት ዘር እንኳ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይዞ ሊገባ እንደሚችል ከዚህ በላይ የቀረቡት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

ሥነ ሕይወታዊ ፀረ ተባይ ለሚገዙ፦ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 በአገር ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውል ፀረ ተባይ አስቀድሞ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ምርቱ ከሕይወት ካለው ፈንገስ የተሠራ መሆኑ ከጥንቃቄ ነፃ አያደርገውም። ገዢው መለያ ጽሑፉን፣ የሚያገለግልበትን ሰብልና ተባይ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውንና የአቀማመጥ ሁኔታውን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ተጨማሪ መረጃና እገዛ

አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። በነፃ የስልክ መስመር 8028 በመደወልም የግብርና ምክር ማግኘት ይቻላል። የተጠረጠረ ተክል ለምርመራ ሲወሰድ ከነሥሩና ከነዛላው ተነቅሎ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተነቀለበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ቢቀርብ ለባለሙያው ሥራ ያግዛል።

ጤናማ መስሎ የሚታይ ቅጠል በውስጡ ሌላ ሕይወት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያ ሕይወት ተባይን የሚከላከል ጋሻ ሊሆን፣ ለላሟም ሕመም ሊሆን ይችላል። ዘርን ከመዝራት፣ ሣርን ከማጨድ፣ እህልንም ከማስፈጨት በፊት የሚደረግ ማጣራት ጥቅሙን አስጠብቆ ጉዳቱን ያስቀራል።